ማስተርስ ሳይኖረኝ በአሜሪካ ለአፕላይድ ማትስ ዶክትሬት ማመልከት እችላለሁ? ምንስ ይጠበቅብኛል?

ጥያቄው፦ “ሰላም ዶክተር፣ እንደምን አሉ? ከአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የመጀመሪያ ዲግሪዬን በ3.58 ይዣለሁ። አሁን እዚያው ረዳት ምሩቅ ሆኜ የካልኩለስ ቱቶሪያል እይዛለሁ። በአሜሪካ በአፕላይድ ማትስ ዶክትሬቴን መሥራት እፈልጋለሁ። ማስተርስ ሳልይዝ መግባት ይቻላል? ስንት ክሬዲት ነው የሚወሰደው? ኳሊፋይንግ የሚባለው ፈተና ምንድን ነው፣ ብወድቅስ? ዩኒቨርሲቲዬ ደግሞ ዘንድሮ ለማስተርስ ሊልከኝ አስቧል። ልቀበል ወይስ ልተው? እህትዎ።”

መልስ፦

እህቴ፣ የመጀመሪያውን በአጭሩ ልመልስልሽ። አዎ፣ ይቻላል። በአሜሪካ አብዛኞቹ የአፕላይድ ማትስ (የተግባራዊ ሒሳብ) የዶክትሬት ፕሮግራሞች በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ተማሪ ይቀበላሉ፤ ማስተርሱን ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ዓመት አካባቢ መንገድ ላይ ታገኚዋለሽ። ይህ የአሜሪካ ልማድ ነው። ጀርመን ብታመለክቺ ለዶክትሬት በመደበኛው ማስተርስ ይጠይቁሻል። አውሮፓ የተማሩ መምህራኖችሽ “ያለ ማስተርስማ አይሞከርም” ቢሉሽ ካዩት ተነሥተው ነውና አትደናገጪ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አጣሪ። አገራችን የሒሳብ ዲግሪ በ3 ዓመት የሚያልቅበት ጊዜ ነበር፤ ፍሬሽማን የተመለሰው በ2012 ዓ.ም. ነው። አንዳንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የ4 ዓመት ዲግሪ ወይም አቻውን ይጠይቃሉ። የአንቺ የ3 ዓመት ከሆነ የማመልከቻ ክፍያ ከመክፈልሽ በፊት ለትምህርት ክፍሉ የተማሪዎች አስተባባሪ ሁለት መስመር ኢሜይል ጽፈሽ ጠይቂ። መልስ ይሰጣሉ፤ ሥራቸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ክፍሎቹ የመግቢያ መስፈርት ብለው የሚዘረዝሩት ነገር ሁሉም ጋ ይመሳሰላል፦ በሒሳብ ወይም በተቀራራቢ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ከ4 ነጥብ ቢያንስ 3.0፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት፣ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ፣ የዓላማ መግለጫ። አንቺ ይህን ሁሉ ታሟያለሽ። ከአንቺ ጋር የሚያመለክተውም ሰው ሁሉ ያሟላል። ዝርዝሩን ማሟላት ማመልከቻሽ እንዲነበብ ያደርጋል እንጂ አያስገባሽም፤ ብትገቢም አያቆይሽም። ስለዚህ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምለውን ለአንቺም እላለሁ፦ የመግቢያውን ገጽ ዝጊና የመውጫውን ክፈቺ። እያንዳንዱ ክፍል ተማሪው ዲግሪውን ለማግኘት ምን ማለፍ እንዳለበት የሚገልጽ መመሪያ አለው፤ ብዙዎቹ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችንም በይፋ ያስቀምጣሉ። ለክፍሉ ብቁ መሆን አለመሆንሽን ከማንም በላይ የሚነግርሽ ያ ፈተና ነው።

ክሬዲቱን ቶሎ ልጨርሰው፤ ሰው ብዙ ይጨነቅበታል እንጂ ማንንም አያስቀርም። ማስተርስ በአብዛኛው 30 ክሬዲት አካባቢ ነው፣ ማለትም ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ከሆነ አሥር ኮርስ። ዶክትሬቱ ይጨምራል። ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የኩራንት ኢንስቲትዩት ለምሳሌ ለማስተርስ 36፣ ለዶክትሬት 72 ይጠይቃል። በሴሚስተር ፈንታ ኳርተር፣ ማለትም አጠር ያለ የትምህርት ወቅት የሚጠቀሙ ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥራቸው ስለሚለያይ የአንዱን ከሌላው ጋር በቁጥር አታወዳድሪ። በሴሚስተር ሦስት ኮርስ ትወስጃለሽ፣ አማካይ ውጤትሽ ከ3.0 እንዳይወርድ ትጠብቂያለሽ፤ ክሬዲቱ ራሱ ይሞላል።

ከቁጥሩ ይልቅ ኮርሶቹ ምን እንደሆኑ ተመልከቺ። የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የአፕላይድ ማትስ ፕሮግራም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪውን በሦስት መሠረታዊ ኮርሶች ላይ ያቆመዋል፦ ቲዎሪ (በዋናነት አናሊሲስ)፣ የአፕላይድ ማትስ ዘዴዎች፣ አልጎሪዝሞች (በዋናነት ኒውመሪካል፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚሠራ ስሌት)። ሌሎችም ክፍሎች ስሙን ይቀያይሩት እንጂ ከዚህ ብዙ አይርቁም። አናሊሲስ ማለት ሜዠር፣ የባናክና የሂልበርት ስፔስ፣ ኦፕሬተሮች ነው። ዘዴዎች የሚሉት ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ኮምፕሌክስ ኢንተግራል፣ ፉሪየር፣ አሲምፕቶቲክስና ፐርተርቤሽን ነው፤ ይህ የመጨረሻው አገራችን እምብዛም የማይሰጥ ስለሆነ ብዙ ተማሪዎቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት እዚያ ነው። ኒውመሪካሉ ደግሞ ኮድ መጻፍ ግዴታ የሆነበት ነው።

ክፍሉ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የት እንደተቀመጠም ተመልከቺ፤ መስፈርቱ ከዚያ ይወለዳልና። ብራውን ዩኒቨርሲቲ አፕላይድ ማትስ ከሒሳብ ክፍል ተለይቶ ራሱን የቻለ ዲቪዥን ነው፤ መነሻው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1941 እ.ኤ.አ. የተጀመረ የመካኒክስ ሥልጠና ነው። የዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲም የተለየ ክፍል አለው። ኖርዝዌስተርን ላይ ክፍሉ ያለው በኢንጂነሪንግ ኮሌጁ ውስጥ ነው። ኩራንት ግን ንጹሑንና ተግባራዊውን ሒሳብ አንድ ላይ ይዟል። ኢንጂነሪንግ ኮሌጅ ውስጥ ያለ ክፍል ከሜዠር ቲዎሪ ይልቅ ዘዴዎቹን አጥብቆ ይፈትናል፤ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ያለ ፕሮግራም አናሊሲሱን አይለቅሽም። አንቺ ማረጋገጫ መጻፍ የምትወጂ ነሽ ወይስ ሞዴል ሠርተሽ በኮምፒውተር መፍታት? ይህን ለራስሽ ሳትመልሺ ክፍል አትምረጪ።

ወደ ኳሊፋይንጉ እንምጣ። ብዙ ክፍሎች ከመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ወይም ከሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ ተማሪው በዶክትሬቱ እንዲቀጥል ማለፍ ያለበትን የጽሑፍ ፈተና ይሰጣሉ። አንዳንዱ ከላይ ከጠቀስኳቸው የአንደኛ ዓመት ኮርሶች ያወጣዋል። አንዳንዱ ደግሞ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ያለ ዕውቀትን በጥልቀት ይፈትሻል፤ የኩራንት የጽሑፍ ፈተና አድቫንስድ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራና ኮምፕሌክስ ቫሪያብልስ ነው። ሦስቱንም ትራንስክሪፕትሽ ላይ ኤ አምጥተሽባቸው ይሆናል። የፈተናውን ዓይነት ስታዪው ግን ሌላ ነገር እንደሚጠየቅ ይገባሻል።

በምሳሌ ላሳይሽ። ሲሜትሪክ የሆነ፣ አይገንቫልዩዎቹም ሁሉ ፖዚቲቭ የሆኑ ማትሪክስ ተሰጥቶሻል። ስኩዌሩ ይህንኑ ማትሪክስ የሚሰጥ፣ ራሱም ሲሜትሪክና አይገንቫልዩዎቹ ፖዚቲቭ የሆነ ማትሪክስ እንዳለ፣ ያውም አንድ ብቻ እንደሆነ አረጋግጪ ተባልሽ። መኖሩ አያስቸግርም፤ ዲያጎናላይዝ አድርጎ የአይገንቫልዩዎቹን ስኩዌር ሩት መውሰድ ነው። ጎበዝ ተማሪዎቻችን ሁሉ ይህን ይሠሩታል። ነጥቡ የሚጠፋው “አንድ ብቻ” የሚለው ላይ ነው። እንግዲህ እንዲህ የሆነ ማንኛውንም ማትሪክስ ውሰጂ። ዋናው ማትሪክስ የእሱ ስኩዌር ስለሆነ ሁለቱ ኮምዩት ያደርጋሉ፣ ማለትም በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢባዙ ውጤቱ አንድ ነው። ኮምዩት ካደረጉ የዋናው ማትሪክስ እያንዳንዱ አይገንስፔስ በእሱ ሥር ከራሱ አይወጣም። በአንዱ አይገንስፔስ ላይ ብቻ ብታዪው ሲሜትሪክ ነው፣ ስለዚህ ዲያጎናላይዝ ይደረጋል፤ አይገንቫልዩዎቹም ስኩዌራቸው የታወቀ ፖዚቲቭ ቁጥሮች ስለሆኑ አንድ ምርጫ ብቻ አላቸው። በየአይገንስፔሱ የተወሰነ ከሆነ በሙሉ ተወስኗል። አለቀ። ጥቂት መስመር ነው፤ አዲስ ቲዎረም የለበትም፤ ግን የተማርሽውን ቲዎረም እንደ መሣሪያ አንሥተሽ መጠቀም ይጠይቅሻል።

ሁለተኛ ምሳሌ ከኒውመሪካሉ። ሙቀት እንዴት እንደሚሰራጭ የሚገልጸውን፣ ኮኤፊሸንቱ 1 የሆነውን ሂት ኢኩዌሽን በኤክስፕሊሲት ዘዴ፣ ማለትም የሚቀጥለውን ጊዜ ዋጋ ካለፈው ጊዜ ዋጋ ብቻ በማስላት ፍቺው ተባልሽ። እዚህ አገር ፈተናው ቀመሩን ሰጥቶ ሠንጠረዥ እንድትሞዪ ያደርግሻል። እዚያ የሚጠየቀው ዘዴው መቼ እንደሚፈርስ ነው። አንድ ሞገድ ብቻ ወስደሽ በእያንዳንዱ እርምጃ በስንት እንደሚባዛ ታሰያለሽ። የጊዜ እርምጃው ለቦታ እርምጃው ስኩዌር ሲካፈል የሚገኘውን ሬሾ ብለን ብንጠራው፣ ማባዣው ከ1 ላይ የሬሾው 4 እጥፍ በሳይን ስኩዌር ተባዝቶ ሲቀነስ የሚገኘው ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ከ-1 በታች ከወረደ ስሕተቱ በየእርምጃው ያድጋል፤ እንዳይወርድ ሬሾው ከግማሽ መብለጥ የለበትም። የቦታ እርምጃሽ 0.01 ከሆነ የጊዜ እርምጃሽ ከ0.00005 መብለጥ አይችልም ማለት ነው፤ እስከ 1 ሰከንድ ለመድረስ ቢያንስ 20,000 እርምጃ። የቦታ እርምጃውን በግማሽ ብትቀንሺው የጊዜው በአራት ይከፈላል። ከዚያ ፈታኙ ይቀጥላል፦ የሚቀጥለውን ጊዜ ዋጋዎች ሁሉ በአንድ ላይ የሚፈታው ኢምፕሊሲት ዘዴስ? ገደቡ ይነሣል፣ በምትኩ በየእርምጃው የሊኒየር ሲስተም መፍታት አለብሽ፤ ማትሪክሱ ትራይዳያጎናል ስለሆነ ግን ወጪው ትንሽ ነው። አፕላይድ ማትስ ማለት ለእኔ ይህ ነው፦ ማረጋገጫው፣ ኮዱና የስሌቱ ወጪ በአንድ ጥያቄ ውስጥ ሲገናኙ። ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ ካልሽ ትክክለኛው መንገድ ላይ ነሽ።

የእኛ ልጆች የሚቸገሩት አእምሮ አንሷቸው አይደለም። የተማሩበት መንገድ ቲዎረሙን ከነማረጋገጫው አጥንቶ መመለስን ይሸልማል፤ ያላዩትን ጥያቄ በሰዓት ተወስነው መጋፈጥን ግን እምብዛም አይለማመዱም። መፍትሔውም ከዚህ ይነሣል። ከዛሬ ጀምረሽ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን አውርጂ፤ ከሦስት አራት ክፍሎች ይበቃል። መጽሐፍ ዘግተሽ፣ ሰዓት ይዘሽ፣ በወረቀት ሥሪ። ያቃተሽን ጥያቄ መልሱን ከመፈለግሽ በፊት ጥቂት ቀን አብረሽው ቆዪ። የጻፍሽውን ማረጋገጫ ለሥራ ባልደረባሽ አንብቢለት፤ “ይህ ከየት መጣ?” ብሎ በጠየቀሽ ቁጥር ትጠነክሪያለሽ። ቱቶሪያል ያዥ መሆንሽ ትልቅ ዕድል ነው፤ ሰሌዳ ላይ ቆሞ ማስረዳት ከተማሪ ወንበር የማይገኝ ነገር ያስተምራል። ለሊኒየር አልጀብራና ለዲፈረንሻል ኢኩዌሽን የኤምአይቲ ኦፕንኮርስዌር ትምህርቶች በነፃ አሉ፤ ኢንተርኔት ሲገኝ አውርደሽ አስቀምጪ። ኮድ ካልጻፍሽ ደግሞ ፓይተን ጀምሪ፤ ማትላብ ክፍያ አለው፣ ፓይተን የለውም። የመጀመሪያው ሥራሽ ከላይ ያልኩትን ሂት ኢኩዌሽን መፍታት ይሁን፤ ሬሾውን 0.49 ከዚያም 0.51 አድርጊና የሚሆነውን በዓይንሽ እዪው።

ብወድቅስ ላልሽው፦ በብዙ ክፍሎች ሁለት ዕድል አለ። በሁለተኛውም ካላለፍሽ በአብዛኛው ማስተርሱን ይዘሽ ትወጫለሽ። ከባድ ነው፣ አላቃልለውም፤ ግን ባዶ እጅ መመለስ አይደለም። ሌላም ልታውቂው የሚገባ ነገር አለ፦ አንዳንድ ክፍሎች አዲስ ገቢ ተማሪ ገና ትምህርት ሳይጀምር ፈተናውን እንዲሞክር ይፈቅዳሉ፤ ብትወድቂ አይቆጠርብሽም። እንዲህ ያለ ደንብ መኖሩን ከመመሪያው አጣሪ፤ ቀድመሽ ካለፍሽ አንደኛ ዓመትሽ ሌላ መልክ ይይዛል።

ከኳሊፋይንጉ በኋላ ያለው መንገድ ከክፍል ክፍል ብዙ አይለያይም። አማካሪ ታገኛለሽ፤ በሦስተኛው ዓመት አካባቢ የምርምር ሐሳብሽን ለኮሚቴ አቅርበሽ የቃል ፈተና ትፈተኛለሽ፤ ከዚያ ዲሰርቴሽን፣ በመጨረሻም መከላከያ። በጠቅላላው 5 ዓመት አካባቢ ነው፣ 6 የሚወስድበትም አለ። አማካሪ ስትመርጪ የቀድሞ ተማሪዎቹ በስንት ዓመት እንደጨረሱና የት እንደደረሱ ጠይቂ፤ ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ገንዘቡን በተመለከተ አጥብቀሽ ያዢው፦ ዶክትሬት የገባ ተማሪ በአብዛኛው የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖለት፣ በማስተማር ረዳትነት የወር ደመወዝ ይከፈለዋል፤ ሥራውም በተለምዶ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። ማስተርስ ብቻ ያመለከተ ግን በአብዛኛው ከኪሱ ይከፍላል። ስለዚህ “ማስተርሱ ይቀላል” ብለሽ እሱን አታመልክቺ፤ ቪዛው ጋ ስትደርሺ የባንክ ማስረጃ የሚጠየቀው ከአንቺ ይሆናል። ረዳትነቱ ተማሪ ፊት ቆሞ መናገር ስለሆነ በእንግሊዝኛ ፈተናው የንግግር ክፍል ላይ የተለየ ዝቅተኛ ነጥብ የሚጠይቁ አሉ። ንባቡን ማንም አይፈራውም፤ ንግግሩን ግን ተለማመጂ።

ማመልከቻው ላይ ከሁሉ የሚከብደው የድጋፍ ደብዳቤው ነው። “ታታሪ ናት፣ ሰዓት ታከብራለች፣ ሥነ ምግባሯ የተመሰገነ ነው” የሚል ደብዳቤ ክፋት የለውም፣ ግን ምንም አይጨምርልሽም። ኮሚቴው ማወቅ የሚፈልገው ይህች ልጅ ሒሳብ ላይ ስትቀመጥ ምን ታደርጋለች የሚለውን ነው። ስለዚህ ትልቅ ማዕረግ ያለውን ሳይሆን ስትሠሪ ያየሽን መምህር ጠይቂ፤ የትኛውን ጥያቄ በምን መንገድ እንደፈታሽ፣ ከክፍልሽ ስንተኛ እንደነበርሽ እንዲጽፍ አስታውሺው። ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ቢልከው ይመረጣል። 3.58 በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ውጭ ያለ አንባቢ አያውቅም፤ “ከክፍሏ ሁለተኛ” የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ያስረዳዋል።

ትራንስክሪፕቱን በጊዜ ጀምሪ። ለማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ ስካን የተደረገ ቅጂ ይበቃል፤ ስትገቢ ግን ከሬጅስትራር በቀጥታ የተላከ ኦፊሻል ይጠየቃል። የኮስት ሼሪንግ ጉዳይሽ ካልተዘጋ እሱ ላይ ትያዣለሽ።

የሒሳብ ጂአርኢ፣ ማለትም ለድኅረ ምረቃ መግቢያ የሚወሰደው የሒሳብ ሰብጀክት ቴስት፣ ዛሬ ብዙ ክፍሎች ትተውታል ወይም አማራጭ አድርገውታል። 66 ጥያቄ በ2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው፤ ግማሹ ካልኩለስ፣ ሩቡ አልጀብራ፣ የቀረው ልዩ ልዩ። አማራጭ ከሆነና ጥሩ ውጤት ልታመጪ ከቻልሽ፣ ከማይታወቅ ዩኒቨርሲቲ ለሚመጣ ሰው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ግን የፈተናው ክፍያ የምትኖሪበትን ደመወዝ የሚበላ ከሆነ አትውሰጂው፤ የማይጠይቁ ጥሩ ክፍሎች ሞልተዋል። የማመልከቻ ክፍያውንም እንዲያነሡልሽ ጠይቂ። የመዝጊያ ቀናቱ በአብዛኛው ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር መጀመሪያ ይውላሉ። የገንዘብ ድጋፍ ያለው ቅበላ ከመጣልሽ ደግሞ፣ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች በፈረሙት ስምምነት መሠረት ከኤፕሪል 15፣ በእኛ ከሚያዝያ 7፣ በፊት መልስ ስጪ ብለው ሊያስገድዱሽ አይችሉም። ስለዚህ በመጀመሪያው ተጣድፈሽ አትፈርሚ፤ ሌሎቹን ጠብቂ።

የቀረው የአገር ውስጡ ማስተርስ ነው። ማስተርስ መሥራት ለአንቺ ጉዳት የለውም። አሜሪካ ስትገቢ ብዙ ክሬዲት ላያዛውሩልሽና ኮርሶቹን እንደገና ልትወስጂ ትችያለሽ፤ መሠረትሽ ግን ይጠነክራል፣ ኳሊፋይንጉንም ቀድመሽ ልታልፊ ትችያለሽ። ከተቀበልሽ ፈንክሽናል አናሊሲስንና ኒውመሪካልን አትለፊያቸው። የመመረቂያ ጽሑፉንም አስቢበት። የበሽታ ስርጭት ሞዴል አውጥቶ፣ የመራቢያ ቁጥሩን አስልቶ፣ ስታቢሊቲውን አረጋግጦ የሚያበቃ ጽሑፍ በአገራችን በዝቷል። ያንኑ ርዕስ ብትይዢ እንኳ ሞዴሉን ከእውነተኛ መረጃ ጋር አገናኚው፤ ፓራሜትሮቹን ከመረጃው ገምቺ፣ ግምትሽ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነም አሳዪ። ያኔ የዓላማ መግለጫሽ የሚጻፍበት ነገር ይኖረዋል።

ሌሎች ሁለት በሮችም አሉ። የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም፣ ኤይምስ የሚባለው፣ በ2003 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ የተጀመረ ሲሆን በሴኔጋል፣ በጋና፣ በካሜሩንና በሩዋንዳም ማዕከላት ከፍቷል፤ ከአንድ ዓመት ያልበለጠ የማስተርስ ፕሮግራሙ ከነመኖሪያው በስኮላርሺፕ ነው፣ ኮድ መጻፍም ከመጀመሪያው ሳምንታት ይጀመራል። በጣሊያን ትሪየስቴ ያለው፣ ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሳላም በ1964 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል፣ አይሲቲፒ፣ ደግሞ በሒሳብ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ አለው፤ ወደ ንጹሑ ሒሳብ ያዘነብላል፣ ለጠንካራ አናሊሲስ ግን ተወዳዳሪ የለውም። ሁለቱም በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ደብዳቤው የሚታወቅ መምህር ዘንድ ያደርሱሻል። እኔ ብሆን ለእነዚህና ለአሜሪካው በአንድ ዓመት አብሬ አመለክት ነበር።

የዩኒቨርሲቲሽን ዕድል ከመቀበልሽ በፊት ግን የምትፈርሚውን ውል ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ሲልኩሽ ደመወዝሽን እየከፈሉ ስለሆነ የአገልግሎት ግዴታ ይኖረዋል። ግዴታው ስንት ዓመት ነው? የውጭ የዶክትሬት ቅበላ ቢመጣልሽ በትምህርት ፈቃድ እንድትወጪ ይፈቅዳል ወይስ መጀመሪያ አገልግለሽ ጨርሺ ይላል? ብታቋርጪ የሚመለሰው ገንዘብ ምን ያህል ነው፣ ዋስሽስ ማን ነው? እነዚህን ለሰው ሀብት ክፍሉ በጽሑፍ አቅርቢና መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ። ወጥቶ መማርን ከፈቀደ ፈርሚ። ካልፈቀደና ግዴታው ረጅም ከሆነ ዘንድሮ አልፈሽው ፈተናዎቹን ማጥናቱን ቀጥዪ፤ የሚቀጥለው የማመልከቻ ወቅት መስከረም ላይ ይከፈታል።